«ማንበብ አትችልም» ብዬ የጻፍኩባት ልጅ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በእጄ የጻፍኩትን መልሼ ለመሰረዝ እንደዚያ ሳምንት የሮጥኩበት ጊዜ የለም። ማክሰኞ ዕለት አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ወደ ሦስተኛ ክፍል እንድትወርድ ተወሰነ። ውሳኔው የቆመው እኔ በጻፍኩት ግማሽ ገጽ ላይ ነበር። «ማንበብ አትችልም» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማዬ አለበት።

ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ከአርሲ ገጠር መጥቶ ከከተማው ዳር ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ተቀጠረና ኋላ ቤተሰቡን አመጣ። እሷ ትምህርት ቤታችን የደረሰችው ትምህርት ከተጀመረ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ቀጭን፣ ረዘም ያለች፣ ሻርፗን እስከ ግንባሯ የምትስብ ልጅ ነበረች። የእኛን ብርድ ስላልለመደችው እጆቿን ከሹራቧ እጅጌ ውስጥ አታወጣም፤ ጣቶቿ የሚታዩት ስትጽፍ ብቻ ነው። አማርኛ የምታውቀው ለሰላምታ ያህል ነበር። ከቀድሞ ትምህርት ቤቷ ይዛው የመጣችው ማስረጃ በኦሮምኛ የተጻፈ ስለሆነ፣ መዝገብ ቤቱ ቁጥሩን አይቶ ስድስተኛን ማለፏን ካረጋገጠ በኋላ ሰባተኛ ክፍል መደባት።

እኛ ጋ ሰባተኛ ክፍል ከባድ ነው። ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ መሰጠት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛው ያልገባው ልጅ ሁሉም ነገር አብሮ ይጠፋበታል። ለእነዚህ ልጆች ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ማጠናከሪያ እሰጣለሁ። የምንማረው ድሮ የቤተ ሙከራ ዕቃ ይቀመጥባት በነበረች ጠባብ ክፍል ነው፤ አንዱ መስታወት ስለተሰበረ ነፋሱን በካርቶን ዘግተነዋል። ከዙሪያው ገጠር በእግር የሚመጡ ልጆች አሉ፣ የከተማ ልጆች አሉ፣ ቤታቸው ወላይትኛ የሚናገሩ የፋብሪካ ሠራተኞች ልጆችም አሉ። እሷንም ወደዚያ አስገባኋት።

በመጀመሪያው ቀን እንደማንኛውም አዲስ ልጅ አሥር ቀላል የእንግሊዝኛ ቃላት ያሉበት ወረቀት ሰጥቼ ጮክ ብላ እንድታነብ ነገርኳት። ተነሳች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር፤ ምንም አልፈራችም። ይህንን አልረሳውም። ድመት ማለት የሆነውን፣ «ካት» መባል ያለበትን ቃል «ጫት» ብላ አነበበችው።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከኋላ አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ትቅማለች እኮ!» ብሎ ጮኸ። ዝም አሰኘኋቸው፤ ግን ዝም ያሰኘኋቸው እኔም ከንፈሬን ነክሼ ነው። ልጅቷ ቀና ስትል ፊቴን አየችው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን እስከ መጨረሻ አነበበች፤ ድምፅዋ ግን በየቃሉ እየወረደ ሄደ። ሳጥን የሚለውን «ቦክስ» በማለት ፋንታ «ቦጥ» አለች። ስኒውን፣ «ካፕ» የሚባለውን፣ «ጩፕ» አለችው። ስድስትን «ሲጥ»። እኔም በየቃሉ ጎን ምልክት አደረግሁ፤ ከአሥሩ ስድስቱን ስታለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም። አንብቢ ስላት ትነሳለች፣ ደብተሩን ታያለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ምንም አይወጣም። ተቀመጪ እስክላት ትቆማለች። አንድ ወር እንዲሁ አለፈ። የአማርኛ መምህሯም ፊደል ጨርሶ አትለይም ብሎ ሪፖርት አደረገ። ምክትል ዳይሬክተራችን፣ ጡረታቸው የደረሰ የቀድሞ የባዮሎጂ መምህር፣ እኔንም አስተያየቴን በጽሑፍ ጠየቁኝ። «ለጊዜው ከታች ከልጆቹ ጋር ትቀመጥና መሠረቱን ትያዝ» አሉ። ክፋት አልነበረበትም። እኔም ለእሷ ይሻላታል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን ልናገርና፣ ወረቀቱን ፈርሜ ስሰጥ ቀለል ብሎኝ ነበር። ያ የዝምታ አቋቋሟ ከብዶኝ ነበር።

አባቷ ዓርብ ቀርቦ እንዲፈርም ተጠራ።

ሐሙስ ከማጠናከሪያው በኋላ ደብተር ሰበሰብኩ። የሷን እንዲሁ ሳገላብጠው ከኋላ በኩል ብዙ ገጽ ተጽፎበት አየሁ። ፊደሎቹ የእንግሊዝኛ ናቸው፤ ቃላቱ ግን የማላውቃቸው ረጃጅም ቃላት፣ ድርብ ድርብ ፊደል የበዛባቸው። መጀመሪያ ያገኘችውን ፊደል እየገጣጠመች የተጫወተች መሰለኝ። ደብተሩን ልዘጋ ስል ግን አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። አንዷን ቃል በአንድ መስመር ሰርዛ፣ ከበላይዋ አስተካክላ ጽፋታለች። ከታችም እንደዚሁ። ትርጉም የሌለው ነገር የሚሞነጭር ሰው ስህተቱን ፈልጎ አያርምም።

ደብተሩን ይዤ ወደ ሜዳው ወረድኩ። የስፖርት መምህራችን ያደገው ሰላሌ ነው፤ ኦሮምኛ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው። ኳስ በፓምፕ እየነፋ አገኘሁት።

«እስቲ ይሄን እየው» አልኩት።

በአንድ እጁ ተቀብሎ ማንበብ ጀመረ። ጥቂት መስመር እንደሄደ ፓምፑን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ማን ነው የጻፈው?»

«አዲሷ ልጅ። ሦስተኛ ክፍል የምትወርደው።»

«ይቺን ነው ማንበብ አትችልም ያልሻት?»

ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ ወደ አማርኛ መለሰልኝ። «‹ዛሬም ለማንበብ ተነሳሁ፤ ድምፄ ግን አልወጣም። መምህሯ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ምን እንዳጠፋሁ ቢነግሩኝ አስተካክለው ነበር። የሚነግረኝ አጣሁ።› ነው የሚለው።»

የጎል ብረቱ ሥር ተቀመጥኩ። እሱ ጎንበስ ብሎ በእንጨት ስባሪ አፈሩ ላይ ሁለት ፊደል ጻፈ።

«ኦሮምኛ የሚጻፈው በዚሁ በእንግሊዝኛው ፊደል ነው፤ ቁቤ እንለዋለን። ድምፁ ላይ ግን ልዩነት አለ። ይቺን ሲ ትያታለሽ፤ እኛ ጭ ነው የምንላት። ይቺ ኤክስ ናት፤ ለእኛ ጥ ናት። ልጅቷ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስታነብ የኖረችው እንደዚያ ነው፤ የገጠሩ እንግሊዝኛ ደግሞ በአብዛኛው ከሰሌዳ መገልበጥ ነው።»

ኦሮምኛ በላቲን ፊደል እንደሚጻፍ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። አዲስ አበባ ስሄድ በመንገዱ ሁሉ ሰሌዳው ላይ አየዋለሁ። እያየሁ አልፌው እሄዳለሁ እንጂ፣ ይሄ ፊደል ምን ተብሎ ይነበባል ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ከቦርሳዬ ያንን የአሥር ቃላት ወረቀት አውጥቼ አየሁት። የሳተቻቸው ስድስቱም ሲ ወይም ኤክስ ያለባቸው ናቸው። ሁለቱ ፊደላት የሌሉባቸውን አራቱን፣ ውሻውንና ዓሣውን፣ ባርኔጣውንና እስክሪብቶውን፣ በትክክል አንብባ ነበር። በተማረችው ደንብ ከሄድን አንዲት ስህተት አልሠራችም።

«ነገ አባቷ ይመጣል» አልኩት። «ጠዋት ከደወሉ በፊት ትደርስልኛለህ?»

«ኧረ እመጣለሁ» አለ።

ዓርብ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነበረ። ልጅቷን ገና ከበር ስትገባ ጠራኋትና በዚያች ጠባብ ክፍል ሦስታችን ተቀመጥን። እሱ በኦሮምኛ ያስረዳት ጀመር። እኔ ፊቷን ነበር የማየው። እየሰማች፣ እየሰማች፣ ድንገት ሻርፗን ስባ ዓይኗን ሸፈነች፤ ትከሻዋም ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። እሱ ግን ሳቀ።

«‹ለካ ጫት ብያለሁ!› ነው የምትለው» አለኝ።

ሻርፑን ስትገልጠው በእርግጥም እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን ሳቅ ነው። የተሳቀባት በምን እንደሆነ ያወቀችው ገና ያኔ ነው፤ ወር ሙሉ ማንም አልነገራትም። በእሱ በኩል ይቅርታ ጠየቅኋት። አንገቷን ደፋ አደረገችና እስክሪብቶዬን ከእጄ ወስዳ ሲ ጻፈችና «ክ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ክ» አልኳት። ኤክስ ጻፈች። «ክስ» አልኳት። ከዚያ ያንኑ የአሥር ቃላት ወረቀት አንስታ ከላይ እስከ ታች ሳትቆም አነበበችው። ደወሉ ከመደወሉ በፊት ጨርሰን ነበር።

ረፋድ ላይ የስፖርት መምህሩን ጨምሮ ምክትል ዳይሬክተሩ ቢሮ ተሰበሰብን። አባቷ የሌሊት ተራውን ጨርሶ በቀጥታ ስለመጣ የፋብሪካ ልብሱን አልቀየረም። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ በሩ ጋ ቆሟል፤ ተቀመጥ ሲባል እንኳ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው። ልጅቷ ከጎኑ ቆማለች።

«ልጄ ምን አጠፋች?» አለ፣ በሚችለው አማርኛ።

«እሷ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

ምክትል ዳይሬክተሩ ወረቀቴን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ወረቀቱ ያንቺ ነው። ፊርማውም ያንቺ ነው።»

«አዎ፣ የእኔ ነው። ተሳስቼ ነው የጻፍኩት።»

«በማክሰኞና በዓርብ መካከል ምን ተገኘ? የአማርኛ መምህሯም እኮ ፊደል አትለይም ብሏል።»

«ያ እውነት ነው፤ የአማርኛን ፊደል ያስተማራት የለም። እንግሊዝኛውን ግን ታነባለች። እኔ ነኝ ያልሰማኋት። ከፈለጉ አሁን ይፈትኗት።»

ምክትል ዳይሬክተሩ ከመደርደሪያው የሳይንስ መጽሐፍ ሳቡ፤ የሰባተኛ ክፍል ነው፤ ገለጥ አድርገው ስለ ሕዋስ የሚያወራ ገጽ ላይ አቆሙና ለልጅቷ ሰጧት። «አንብቢ» አሉ። እኔ እሷን የማሠለጥናት በካትና በቦክስ ነበር።

ልጅቷ መጽሐፉን ወደ ፊቷ አስጠጋች። ለአፍታ ያ የማውቀው ዝምታ ሆነ፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ድምፅዋ መጣ። ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ ግን ጥርት አድርጋ አንድ መስመር ጨረሰች። ሁለተኛው መስመር ላይ ሕዋስ የሚለው ቃል ጋ ደርሳ «ኬል» ብላ አነበበችው።

«ሴል ነው የሚባለው» አሉ ምክትል ዳይሬክተሩ።

አለቀልን ብዬ አሰብኩ። ጠዋት ሲ ማለት ክ ነው ብያት፣ ስ የምትሆንበት ጊዜ እንዳለ ሳልነግራት ቀርቻለሁ። ልጅቷ ቀና አለች። ያየችው ግን እሳቸውን ሳይሆን እኔን ነው። ትምህርት ቤታችን ከመጣች ወዲህ ከአፏ ስሰማው የመጀመሪያዬ የሆነውን ሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ተናገረች።

«ቲቸር፣ አንቺ ጠዋት ‹ክ› ነው አልሽ!»

ምክትል ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ፤ እኔን አዩኝ፣ እሷን አዩዋት፤ ከዚያ ከልባቸው ሳቁ። «እውነቷን ነው። እኔ ራሴ ይሄን ሁሉ ዘመን ሴል እያልኩ ሳስተምር ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። በይ መልሺላት።»

መለስኩላት። ከኢ፣ ከአይና ከዋይ በፊት ስትመጣ ስ፣ ከሌሎቹ በፊት ክ እንደምትሆን ስናገር የስፖርት መምህሩ በኦሮምኛ አስከተለ። ራሷን ነቀነቀች። መስመሩን ከመጀመሪያው ጀምራ «ሴል» ብላ አነበበችና ቀጠለች። ትንሽ ወረድ ብሎ ክብ የሆነ ነገርን የሚገልጽ አንድ ቃል ነበር፤ ሲ ሁለት ጊዜ ትገኝበታለች፣ መጀመሪያ እንደ ስ፣ ኋላ እንደ ክ። እሷ እዚያ ስትደርስ ቆም አለች። በጣቷ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነካች፤ ከዚያ «ሲርኩላር» አለች። አነባበቡ ፈረንጅ እንደሚለው አይደለም፤ ሁለቱን ፊደላት ግን በየቦታቸው አስቀምጣቸዋለች፤ ማንም ሳይረዳት።

«በቃ፣ በቃ» አሉ ምክትል ዳይሬክተሩ። ወረቀቴን ስበው ከላይ እስከ ታች ሰረዙት። ከበታቹ «በሰባተኛ ክፍል ትቀጥል፤ የአማርኛ ፊደል ለብቻ ይሰጣት» ብለው ጻፉና እንድፈርም እስክሪብቶውን አቀበሉኝ። ፈረምኩ።

አባትየው የተባለውን ሁሉ የስፖርት መምህሩ እስኪነግረው ይጠብቅ ነበር። ሲገባው ኮፍያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ፊቱን በሁለት መዳፉ ጠረገ። ከዚያ ረዘም አድርጎ በቋንቋው ተናገረ። የስፖርት መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረኝ። ልጅቷ ከትንንሾች ጋር አልቀመጥም ብላ ነበር። አባቷም አርሲ ላሉት አያቷ ደውሎ እሑድ ሊመልሳት ተስማምቷል። ሐሙስ ማታ ልብሷን አጣጥፋ ጨርሳለች።

አባትየው ሲወጣ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «እናመሰግናለን መምህርት» አለኝ። ለእኔ ምስጋና የሚገባኝ አልመሰለኝም፤ ግን እጄን አላስለቀቅሁም። ልጅቷ ወደ ክፍሏ ሮጠች፤ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተጀምሮ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ አንኮበር፣ እናቴ ጋ ሄድኩ። ሚኒባሱ ጉሙ ውስጥ እየገባና እየወጣ ሲሄድ እኔ መስኮቱን ተደግፌ ተኛሁ፤ ከዚያ በፊት መኪና ላይ ተኝቼ አላውቅም። እናቴ ደጃፍ ላይ ገብስ ስትለቅም አገኘኋት።

«ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ፊትሽ ፈካ?» አለችኝ።

ነገሩን ሁሉ አጫወትኳት። ስጨርስ፣ «አንቺንስ እንደዚያው አድርገውሽ አልነበር?» አለችኝ። ረስታዋለች ብዬ ነበር። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ለሁለተኛ ደረጃ እንደሄድኩ ደሴት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ «አይላንድ» መባል ያለበትን፣ የማይነበበውን ፊደል ጨምሬ «ኢስላንድ» ብዬ አንብቤው፣ መምህሩ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፤ ክፍሉ እንዲስቅ። ዓመቱን ሙሉ በዚያች ቃል ሲጠሩኝ ኖሩ። ያን መምህር ስንት ዘመን በልቤ ስወቅሰው እንደኖርኩ እናቴ ታውቃለች። እኔም ያደረግሁት የእሱኑ እንደሆነ ነገርኳት።

«እሱ መልሶ ጠርቶሽ ነበር?» አለች፣ ዓይኗን ከገብሱ ሳታነሳ።

«አይ።»

«እንግዲያው አንድ አይደላችሁም። በይ ግቢ፣ እህል ቅመሺ።» በላሁና እስከ ማምሻው ተኛሁ።

ማክሰኞ ማጠናከሪያው ላይ የስፖርት መምህሩን ይዤ ገባሁ። ለልጆቹ ያቺ ቃል ለምን ጫት ተብላ እንደተነበበች አስረዳኋቸው፤ እኔም ባለማወቅ እንደሳቅሁ ነገርኳቸው። ከዚያ እሱ ሰሌዳው ላይ የኦሮምኛ ቃላት ጻፈና ተራ በተራ እንዲያነቡ አደረገ። ‹ትቅማለች› ብሎ የጮኸው ልጅ ተነስቶ የመጀመሪያዋን ቃል በሙሉ ልብ «ካፌ!» አለ።

«አይደለም» አለች እሷ ከመቀመጫዋ። «ጨፌ።»

«ጨፌ? ከብት የሚግጥበት ጨፌ?»

«አዎ፣ እሱ። ድገም!»

ልጁ ደገመ፤ ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ወላይትኛ የምትናገር አንዲት ልጅ ደግሞ እጇን አውጥታ የእነሱም በዚሁ ፊደል እንደሚጻፍ ተናገረችና ጠመኔውን ወሰደች። ያን ቀን ካቀድኩት አንዱንም አላስተማርኩም፤ የሰዓቱ ማለቅ ግን ቆጨኝ።

የአማርኛው ፊደል ቀላል አልሆነላትም። የአንደኛ ክፍል መምህርት በሳምንት ሁለት ቀን ትይዛት ነበር። የሱቅ ሰሌዳ፣ የባጃጅ መስታወት ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ሳይቀር እያነበበች ትመጣለች፤ አንዳንዴ የተሳሳተ ፊደል የጻፈ ባለ ሱቅ አግኝታ ትነግረኛለች። የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤቷ ዝቅ ያለ ነበር። በሁለተኛው ሒሳቧ ከሁሉም ቀድሞ ተነሳ፤ አማርኛው ለማለፍ ያህል ሆነ። ስምንተኛን ስትፈተን እኔ ራሴ እንደ ተፈታኝ ጥፍሬን ስበላ ሰነበትኩ። አለፈች።

አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ከእኛ ትምህርት ቤት ወጥታለች። ባለፈው ወር ከገበያ ስመለስ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አገኘኋት። እዚህ እንደተወለደ ልጅ በአማርኛ እየተሟገቱ፣ አንዷ የሌላዋን ቃል እየነጠቀች ይመጣሉ። አየችኝ። «ቲቸር፣ ደህና ነሽ? ሁላችሁም ደህና ናችሁ?» አለች፤ ጉንጬን ሳመችኝ። ያን ጊዜ ዝናቡ ወፍራም ወፍራም ጠብታውን ጣል ጣል ማድረግ ጀመረ፤ ጓደኞቿም «ነይ እንጂ!» ብለው ጠሯት። «ቲቸር፣ በኋላ!» ብላኝ ሮጠች።

እኔ የአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ተጠለልኩ። መንገዱን አቋርጠው እስኪያልፉ አየኋቸው። ቆማ ብዙ ስላላወራችኝ ቅር አላለኝም። የምትሄድበት ቦታ ነበራት፤ የሚጠሯትም ነበሩ።